ሰፊ ፊደል፣ ጠባብ ሀዲድ

ሳቢያን፣ ክሊኒኩ፣ ረፋድ አራት ሰዓት፤
አርባ ሰው ተኮልኩሎ፣ አርባ ዓይነት ሙቀት፣
አንድ ክንፉ የቀረ ማራገቢያ ይዞራል፣
እኔ የሰቀልኩት ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ጠቁሯል።

ተራ እንዲጠራ ነው በሲ የጻፍኩት፣
ስም በፊደላችን አድምቀህ አውጣ አልኩት።
ከጥቅሱ ፊት ኤልን እንደ ዘበኛ አቁሜ፣
«ይሄ ሰፊ ነው፣ በሰፊው አትም» ብዬ ደጋግሜ፣
ሮብሌ ዋበሪን ሰጠሁት።

ዝም።
አልወደቀ፣ አልጮኸ፣ ቀይ መስመር አላሳየ፤
ቀንስ አንድ ብሎ መልሶልኝ ኖሯል፣ መልሱን ማን አየ?
«ተሳካልህ ወይ?» ብሎ ማተሚያን የማይጠይቅ ሰው
ዝምታን ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ነው የሚፈታው።

ሮብሌ አግዳሚው ጫፍ ላይ ነው፣ ሽርጡን ሰብስቦ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት የሸሚንደፈር ጎማ ቀብቶ፣
ዛሬ ጉልበቱን ሊያሳይ መጥቶ
ተራው ሁለቴ አለፈው።
«ስምህ አልወጣም» አልኩት። በድሬ ለሽማግሌም አንተ ነው።
«የት ገብቶ ነው የማይወጣው?»
ሳቀ። ቆይቶም አወራኝ፦

«አዲሱ ባቡር ሲመጣ በኛው ሀዲድ የሚሄድ መስሎኝ፣
የቅባት ቆርቆሮዬን ይዤ ወጥቼ ነበር፣ ጅል ነኝ።
የኛው ወርዱ ሜትር ነው፤ አንድ ሜትር፣ በቃ፤
የሱ አንድ ክንድ ያህል ይበልጣል ቢለካ።
ሀዲድ፣ ልጄ፣ አንዴ ከተነጠፈ ልመና አይሰማም፤
ካልነቀልሽው አይሰፋም።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም።
ማን ቀድሞኝ አነጠፈ?
መስመር አሥራ አንድ ላይ አገኘኋት፦
ፉአድ ጅቡቲ ሳይሄድ የጻፋት፣
በጠባቧ ፕሪንትኤፍ፣ ባይት ባይት የምትል
አንዲት ዌልካም።
ማንም አይቷት አያውቅም። መውጫው ግን አይቷታል።
የመጀመሪያዋ ቃል የጅረቱን ወርድ ለክታለች፤
ከኋላዋ የመጣ ሰፊ ሁሉ በሩ ላይ ቀርቷል።
ሰላምታ መሰረዝ ነውር ነው፤ ወደ ሰፊው አዛወርኳት።

ሰሌዳው በራ፦
??? ???
ሦስት ጥያቄ፣ ክፍተት፣ ሦስት ጥያቄ።
ሮብሌ ቀና አለ። «ይሄ እኔን ነው የሚጠራ
ወይስ ማን መሆኔን ነው የሚያጣራ?»

እውነቱን ነው። ፕሮግራሜ የት እንደሚኖር አልነገርኩትም፤
ሀገሩን ካልነገሩት ደግሞ ከላቲን ፊደል አያልፍም።
አንዲት መስመር ጨመርኩ ከሁሉ በፊት፣
ሴትሎኬል፣ በጥቅሶቿ መሀል ምንም የሌለባት።
ባዶነቷ «እንደ ቤቱ ልማድ» ማለት ነው።
ቀፊራ ሎሚ የምትሸጥ ኢፍቱ እንዲህ ናት፦
አፏን ባዶ ትከፍታለች፣
ከፊቷ የቆመውን ታያለች፣
ከዚያ በኦሮምኛ፣ ወይ በሶማሊኛ፣
ወይ ለኔ፣ ዋጋ ጨምራ፣ በአማርኛ።

አሁንም ጨለማ። አዲስ መስመር ረስቼ ኖሯል፤
ስሙ ቋቱ ውስጥ ተኝቷል፣
ደቻቱ አሸዋ ብቻ ሆኖ ሳለ
ውሃው ላይ ላይ እንደሚጠራቀመው።
አንድ ምልክት ጨመርኩ፤ ወረደ።

ሮብሌ ዋበሪ

ስድስት ፊደል፣ እያንዳንዷ ሦስት ባይት፣
ሰፊውም ለካ ሲወጣ
ተቆራርሶ ነው የሚወጣ፣
ደጅ ደርሶ ነው የሚገጣጠመው።

ሰባት ሰዓት ሆኗል። ነርሷ ምሳ ወጥታለች፣
ሮብሌ አንገቱን ጥሎ አንቀላፍቷል።
በአፌ ጠራሁት።
ነቃ፣ ሰሌዳውን አየ፣ ቆየ።
«እኛን ያስተማሩን ፈረንሳይኛ ነው» አለ፣
«ቅድም ያነበብኩት ጥያቄዋን ብቻ ነበር።
ያ ነው ስሜ?»
«አዎ።»
በጣቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካው፣ ከሩቅ፣
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሀዲድ እንደሚለካ።
«ሰፋ ይላል» አለ።